መዝገቡን በየትኛው ብዕር እንገልብጥ?

ባለፈው ክረምት ከወጣቶች ኅብረታችን አራት ልጆች ይዤ ከኮልፌ አጠና ተራ ጀርባ ወዳለ አንድ ቤት ሄድኩ። የቤቱ እመቤት የአጥቢያችን የመጀመሪያ ጸሐፊ የነበሩት መምህር ባለቤት ናቸው። መምህሩ ካረፉ ብዙ ዓመት ሆኗል። እማማ ቡና ካጠጡን በኋላ ከአልጋቸው ሥር የእንጨት ሳጥን አስጎተቱንና በፌስታል የተጠቀለለ ትልቅ መዝገብ አወጡ። የአባላት መዝገብ ነው። በ1950ዎቹ መጨረሻ የተጀመረ፤ ስም ከነአባት፣ የተጠመቁበት ቀን፣ ሰፈር እየተባለ በመስመር በመስመር የተሞላ።

"ይኼን ይዞ መገኘት ያኔ ቀልድ አልነበረም" አሉን።

እውነታቸውን ነው። በደርግ ዘመን ብዙ የወንጌላውያን አብያተ ክርስቲያናት ተዘግተዋል። የመሠረተ ክርስቶስን ብቻ ብናነሣ በጥር 1974 ዓ.ም. ተዘግታ መሪዎቿ ታስረዋል። በዚያን ጊዜ የምእመናን ስም ዝርዝር በእጅ መገኘቱ ለያዘውም ለተጻፈበትም አደገኛ ነበር። እማማ ግን አላቃጠሉትም። ሳጥኑ ላይ የጤፍ ከረጢት ጭነውበት ያን ዘመን አሳለፉት። መዝገቡን ያገኘው ሌላ ነገር ነው፤ የቆርቆሮ ጣሪያቸው ያፈስ ነበርና በአንዱ ክረምት ውኃ ሳጥኑ ውስጥ ገብቶ ሳይታወቅ ሰነበተ።

ገለጥነው። የመጀመሪያዎቹ ገጾች ወረቀታቸው ተጨማዷል፣ ዳርዳሩ ቡናማ ሆኗል፤ ጽሑፉ ግን ጥቁር ነው፣ ጥርት ብሎ ይነበባል። ከአምስተኛው ገጽ ጀምሮ ያለው ሌላ ነው። መስመሮቹ አሉ፣ ቁጥሮቹ በማተሚያ ቤት የታተሙ ስለሆኑ አሉ፤ ስሞቹ ግን ቀለል ያለ ሰማያዊ ደመና ሆነዋል። ወደ አርባ የሚሆኑ ሰዎች እዚያ ደመና ውስጥ ናቸው። ከዚያ በኋላ ያሉት የመጨረሻ ገጾች በእስክሪብቶ የተጻፉ ናቸው፤ ትናንት የተጻፉ ይመስላሉ።

ወረቀቱ አንድ፣ ሳጥኑ አንድ፣ ውኃውም አንድ። ታዲያ ለምን? ልጆቹ እየጠየቁኝ ወጣን። መዝገቡን በአዲስ ደብተር ልንገለብጥ ስለወሰንን ሁለተኛ ጥያቄም ተከተለ፤ በምን እንጻፈው? ይህን የምጽፍላችሁ ለሁለቱም መልስ ፍለጋ ያገኘነውን ላካፍላችሁ ብዬ ነው።

ከሩቅ ልጀምር። "ብዕር" የምንለው ቃል በግዕዝ "ብርዕ" ነው፤ ሸምበቆ፣ መቃ ማለት ነው። ደብተሮቻችንና ካህናቶቻችን ብራና ላይ ሲጽፉ የኖሩት ጫፉ በካራ ተቀርጾ በተሰነጠቀ መቃ ነው። ጥቁሩን ቀለም ከጥላሸት፣ ከተቆላ እህልና ከቅጠላ ቅጠል አዘጋጅተው ለወራት ያቦኩታል፤ በቀንድ አድርገው ቀንዱን መሬት ላይ ተክለው እየነከሩ ይጽፋሉ። ቀዩ ለአምላክና ለቅዱሳን ስም ነው። የጥላሸት ቀለም ፀሐይ አያደበዝዘውም፤ ለብዙ መቶ ዓመታት ጥቁር ሆኖ ይቆያል። ውኃና እርጥብ ጨርቅ ግን ያነሡታል። ይህን ለማወቅ ኬሚስት መሆን አያሻም፤ ዘኍልቍ ምዕራፍ 5ን አንብቡ። ካህኑ መርገሙን በመጽሐፍ ጽፎ በውኃ እንዲደመስሰው የታዘዘው ቀለሙ በውኃ የሚታጠብ ስለነበረ ነው። ይህን ክፍል ስንት ጊዜ አስተምሬ ስለ ቀለሙ አንድም ቀን አስቤ አላውቅም።

በመቃ ሲጻፍ እጅ በየጥቂት ቃላቱ ወደ ቀንዱ ይመለሳል። ኋላ በየትምህርት ቤቱ የገባው የብረት ጫፍ ያለው ብዕርም ያው ነው፤ ዴስኩ ላይ ካለው ብልቃጥ መንከር፣ ማራገፍ፣ መጻፍ። አባቴ ስለዚያ ሲያወራ የመጀመሪያ ትዝታው ሸሚዙ ነው፤ ቀለም የነካው የዩኒፎርም እጅጌና የእናቱ ቁጣ።

ቀለሙን ከሆዱ ይዞ የሚሄድ ብዕር ለመሥራት ብዙዎች ሞክረዋል። ሮማንያዊው ፔትራኬ ፖይናሩ እ.ኤ.አ. በ1827 ፈረንሳይ ውስጥ ፈቃድ አውጥቶበታል። አስቸጋሪው ነገር አየር ነበር። ከብዕሩ ቀለም ሲወጣ በቦታው አየር ካልገባ ቀለሙ ይቆማል፤ አየሩ በብዛት ከገባ ደግሞ ቀለሙ ይዘረገፋል። ሉዊስ ዋተርማን እ.ኤ.አ. በ1884 ኒው ዮርክ ላይ ቀለሙ በቀጫጭን ቦዮች እንዲወርድ፣ አየሩም በዚያው እንዲመለስ አድርጎ ፈቃድ አወጣ። ከአራት ዓመት በኋላ በዊስኮንሲን ግዛት በጄንስቪል ከተማ ጆርጅ ፓርከር ድርጅቱን አቋቋመ። ይህ ሰው የቴሌግራፍ መምህር ነበር፤ ለተማሪዎቹ የሚሸጥላቸው ብዕር እያፈሰሰ ስላስቸገረ ሲጠግን ሲጠግን ነው የራሱን ወደ መሥራት የገባው። መምህር ስለሆንኩ ይሆናል ይህን ታሪክ የምወደው።

የማፍሰሱ ነገር እኛንም ይመለከተናል። አባቴ ከአዳማ በአውቶቡስ ሲመጣ የደረት ኪሱ ሰማያዊ ሆኖ የገባበትን ቀን አስታውሳለሁ። አዳማ ከአዲስ አበባ ብዙ ዝቅ ትላለች። ወደ ላይ ስንወጣ የአየር ግፊት ይቀንሳል፤ በግማሽ ባዶ ብዕር ውስጥ የታፈነው አየር ይለጠጥና ቀለሙን ወደ ውጭ ይገፋዋል። መፍትሔው ቀላል ነው፤ ወይ ሞልቶ ወይ ባዶ አድርጎ፣ ጫፉን ወደ ላይ አቁሞ መያዝ። አባቴ ይህን የሰማው ከሁለት ሸሚዝ በኋላ ነው።

አሁን ወደ ርካሾቹ እንምጣ፤ እኛ እጅ የገቡት እነሱ ናቸውና። ፓርከር እ.ኤ.አ. በ1941 "51" የተባለውን ለገበያ ሲያቀርብ ዋጋው 12 ዶላር ከ50 ሳንቲም ነበር፤ ለባለሥልጣንና ለነጋዴ የሚሆን። እ.ኤ.አ. በ1948 የዚያን መልክ የያዘውን "21" በ5 ዶላር አወጣ። ጫፉ እንደ ታላቅ ወንድሙ በፕላስቲክ ኮፍያ ተሸፍኗል፤ በወርቅ ፈንታ የማይዝግ ብረት ገባበት። እ.ኤ.አ. በ1960 ደግሞ "45" መጣ፤ ያም 5 ዶላር ነበር። ይህኛው ሲያልቅ የሚጣል የቀለም ካርትሬጅ ይጎርሳል፤ ካርትሬጁ ከሌለ በምትኩ ቀለም ከብልቃጥ የሚስብ መሳቢያ ይገባለታል። ቻይናዎች በበኩላቸው እ.ኤ.አ. በ1931 ሻንጋይ ላይ ከተቋቋመው ፋብሪካ በወጣው "ሄሮ" ስም የፓርከርን መልክ እየያዙ እጅግ በርካሽ አመረቱ፤ ከመካከላቸው የታወቀው "616" ነው። ጀርመኖች ለተማሪ ብለው ያወጡት ፔሊካኖም አለ፤ እሱ እጃችን ስላልገባ አልፈዋለሁ።

እኛ ያሰባሰብነው ሦስት ነው። አንዱ እማማ የሰጡን የመምህሩ ፓርከር 21 ነው፤ ከመዝገቡ ጋር በዚያው ሳጥን ውስጥ ነበር። ሁለተኛው የአባቴ ፓርከር 45። ሦስተኛው ከልጆቹ አንዱ መርካቶ ሲዞር ያገኘው ሄሮ 616። ይህ ልጅ ሸምበቆም ቀርጾ መጣ፤ ከምጣድ ሥር በፋቀው ጥላሸት ቀለም በጠበጠ። እናቱ ምን እንዳሉት አልጠየቅሁም።

በየተራ ጻፍንባቸው። ፊደላችን ብዕርን ይፈትናል። የፈረንጅ ፊደል ተያይዞ ይሄዳል፤ የእኛ በየሆሄው ይነሣል፣ በዚያ ላይ ቅጥያዎቹ ደቃቅ ናቸው። "ሊ"ን ከ"ሌ" የሚለየው እግሩ ላይ ያለች ቀለበት ናት። ወፍራም ጫፍ ያለው ብዕር፣ ቀለም በሚመጥ በተራ ደብተር ወረቀት ላይ ያቺን ቀለበት ይደፍናታል። ጌጤ የምትባል እኅት በመዝገቡ ላይ ጊጢ ሆና ቁጭ ትላለች! ስም በሚገለበጥበት ሥራ ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

በዚህ መለኪያ ሄሮው ብልጫ አሳየን። ጫፉ ቀጭን ነው፤ "ጬ" እና "ዤ" እንኳ ንጹሕ ሆነው ይወጣሉ። አሞላሉም ቀላል ነው፤ ብልቃጥ ውስጥ ነክሮ የጎማውን ከረጢት አራት አምስት ጊዜ መጭመቅ ነው። ችግሩ ሁሉም ሄሮ አንድ አለመሆኑ ነው፤ ሌላው ልጅ የገዛው ተመሳሳዩ ወረቀቱን ይቧጭር ነበር፣ ክዳኑም በሳምንቱ ላላ። ሲገዙ ቀለም ነክሮ መሞከር ያሻል፤ ሻጩ ቢቆጣም።

የመምህሩ 21 ገና ስንሞላው ጻፈ። ስንት ዓመት ተኝቶ! ጎማው አልደረቀም ነበር። እጅ ላይ ቀላል ነው፣ ይንሸራተታል፣ ጫፉ የተሸፈነ ስለሆነ ለአፍታ ቢያቆሙትም ቶሎ አይደርቅም። ነገር ግን የ21 ፕላስቲክ የታወቀ ድካም አለበት፤ ኮፍያው ይሰነጠቃል። የመምህሩም ተሰንጥቆ በጥቁር ክር ተጠምጥሟል። ከክሩ ሥር ቀለም ወጥቶ ጣት ያበላሻል። እማማ አይተው "እሱም ጣቱ እንደዚያው ነበር" ብለው ሳቁ።

45ቱ በመልኩ ከሦስቱ ያነሰ ነው። ጫፉም ከሄሮው ትንሽ ይወፍራል። አዲስ ካርትሬጅ አዲስ አበባ ላይ ፈልጎ ማግኘት አድካሚ ነው፤ እኛ ባዶውን በሲሪንጅ እየሞላን ተጠቀምን። አንድ ነገር ግን አለው፤ ጫፉ ከነመያዣው በጣት ዞሮ ይወጣል። ሙሉ በሙሉ ተፈታትቶ በቧንቧ ውኃ ይታጠባል። ይህ ምን እንደሚጠቅም ያወቅነው ቆይተን ነው።

ብዕሩን ስናወዳድር ሁለት ቅዳሜ ካለፈ በኋላ አንዷ ልጃችን፣ የነርስ ተማሪ ናት፣ "ጋሼ፣ መዝገቡን ያበላሸው ብዕሩ ነው እንዴ?" አለችኝ። ደነገጥኩ። ከእማማ ጋር ስንነጋገር መምህሩ መዝገቡን ከመጀመሪያው እስከ ደመናው መጨረሻ የጻፉት በዚያው በ21 ነበር። የተለወጠው ብዕሩ አይደለም። "ያ ጥቁር ሰማያዊው አለቀበት" አሉን እማማ፤ "ከዚያ ከትምህርት ቤት የልጆቹን ቀለም ያመጣ ጀመር።"

ነገሩ ሁሉ ያለው እዚህ ላይ ነው። የድሮው ጥቁር ሰማያዊ ቀለም በአውሮፓ ለብዙ ዘመን መዝገብና ውል የተጻፈበት ዓይነት ነው። የሚሠራው በአንዳንድ ዛፎች ላይ ነፍሳት ከሚያበቅሉት እብጠት ከሚገኝ ታኒንና ከብረት ጨው ነው። ሲጻፍ ፈዘዝ ይላል፤ ከአየር ጋር ሲገናኝ ቀን በቀን ይጠቁራል፣ ወረቀቱ ውስጥ ገብቶ ይቀራል። የትምህርት ቤት ሰማያዊ ቀለም ደግሞ ሆን ተብሎ የሚታጠብ ሆኖ የተሠራ ነው፤ የልጆች ሸሚዝ እንዲታጠብ! በረኪና ጠብ ካለበትማ ጨርሶ ይጠፋል። ፓርከር እ.ኤ.አ. በ1931 ያወጣው ኩዊንክ እንኳ የሚታጠብና የማይታጠብ እየተባለ ሁለት ዓይነት ይሸጥ ነበር። መምህሩ ብልቃጡ ላይ የተጻፈውን አላዩት ይሆናል፤ ወይ አይተው የተገኘው እሱ ብቻ ሆኖባቸው ይሆናል። ሰማያዊ ሰማያዊ ነው ብለው ጻፉ።

ፈተና አደረግን። ከጀርመን የመጣ አንድ ወንድም ፔሊካን ጥቁር ሰማያዊ ብልቃጥ አምጥቶልን ነበር። በእሱ፣ በሚታጠበው ሰማያዊ፣ በልጁ ጥላሸትና በተራ እስክሪብቶ ተመሳሳይ አሥር ስሞች ጻፍን። ሳምንት አስቀመጥናቸው። ከዚያ የእግር መታጠቢያ ሳፋ ውስጥ ለአንድ ሰዓት ዘፈዘፍናቸው። የሚታጠበው ገና ሲነካ ጭስ እየመሰለ ወጣ። ጥላሸቱ ጸንቶ ቆየ፤ በጣት ሲነካ ግን ተጠራርጎ ተነሣ። ጥቁር ሰማያዊው ሰማያዊነቱን ትንሽ ለቀቀ፣ ጥቁሩ ግን ቀረ፤ አሥሩም ስም ይነበባል። እስክሪብቶው ውኃ መንካቱንም የሚያውቅ አይመስልም ነበር።

ይህን ስታይ የነርስ ተማሪዋ ክርክሯን ጀመረች። "እንግዲያ በእስክሪብቶ እንጻፈውና ይለቅ።" ቀላል ክርክር አይደለም። የእስክሪብቶው ቀለም ዘይት ለበስ ነው፤ ሃንጋሪያዊው ጋዜጠኛ ላስሎ ቢሮ እ.ኤ.አ. በ1938 ፈቃድ ያወጣበት ይህ ወፍራም ቀለምና የምትንከባለል ኳስ ናት። እ.ኤ.አ. በጥቅምት 1945 ኒው ዮርክ ላይ መሸጥ ሲጀምር ዋጋው 12 ዶላር ከ50 ነበር፤ አስቡት፣ ፓርከር 51 ሲወጣ የተሸጠበት ዋጋ! ማርሴል ቢክ እ.ኤ.አ. በ1950 ሁሉም የሚገዛው አደረገው፤ ዛሬ በየሱቁ አለ።

እኔ የተከራከርኩት በእጅ ነው። ኳሷ እንድትንከባለል መጫን ግድ ነው፤ የቀለም ብዕር ግን በራሱ ክብደት ይጽፋል። ጥቂት መስመር ለሚጽፍ ልዩነት የለውም። ብዙ ለሚጽፍ ግን አለው። መጽሐፍ ቅዱስን መጀመሪያ ወደ አማርኛ የመለሱት አቡ ሩሚ ካይሮ ላይ በአሥር ዓመት ውስጥ የሠሩት የእጅ ጽሑፍ 9,539 ገጽ ነበር፤ በ1824 እ.ኤ.አ. አራቱ ወንጌላት፣ በ1840 ሙሉው መጽሐፍ የታተመው ከዚያ ነው። እንዲህ የሚጽፍ ሰው ለጣቱ የሚራራ መሣሪያ ያስፈልገዋል። አርባ አርባ ስም እየጻፍን ሞከርነው። በእስክሪብቶ የጻፉት ጣታቸውን ሲያፍተለትሉ ነበር፤ ወረቀቱም በጀርባው እየጎበጠ በሁለቱም ገጽ ለመጻፍ አስቸገረ። በተጨማሪ የእስክሪብቶ ቀለም ብርሃን ላይ ሲቆይ ይደበዝዛል። "መዝገብ ብርሃን ላይ አይሰጣም እኮ" አለችኝ። እሱም እውነት ነው።

ስለዚህ ተስማማን፤ ሁለት ቅጂ። አንዱ በእስክሪብቶ፣ አንዱ በጥቁር ሰማያዊ ቀለም፤ በሁለት የተለያዩ ቤቶች የሚቀመጡ። ለቀለሙ ቅጂ ብዕር ስንመርጥ ደግሞ ያ ያልተከበረው 45 አሸነፈ። የብረት ቀለም አሲድነት አለው፤ ብዕር ውስጥ ከደረቀ ይዘጋዋል፣ ብረቱንም ይበላል። በየሁለት ሳምንቱ ፈታትቶ ማጠብ ያስፈልጋል፤ ሄሮውና 21ዱ ደግሞ እንደ 45ቱ በጣት አይፈቱም። ለቀለበቶቹ ስንል በ45ቱ ከፍ አድርገን፣ አንዱን መስመር እየዘለልን እንጽፋለን። ሄሮውን ለየቀኑ ማስታወሻና ለስብከት ደብተር ልጁ ወስዶታል፤ ለዚያ ይበቃል፣ የሚታጠበውም ቀለም ለዚያ ይበቃል። እናንተም ለዕለት ጽሑፍ አንድ ልግዛ ብትሉ ጫፉን ሞክራችሁ ሄሮ ግዙ፤ ከቤተ ዘመድ መሳቢያ 45 ካገኛችሁ ግን አትልቀቁት።

ስለ ሰፈራችን አንድ ነገር ጣል ላድርግ። ኔልሰን ማንዴላ እ.ኤ.አ. በ1962 ወታደራዊ ልምምድ ያደረገው እዚሁ ኮልፌ፣ በፈጥኖ ደራሽ ሠፈር ነው። ሲሄድ ኮሎኔል ታደሰ ብሩ ሽጉጥና 200 ጥይት ሰጥተውታል። ሽጉጡ ደቡብ አፍሪካ ውስጥ በአንድ እርሻ ተቀብሮ እስከ ዛሬ ተፈልጎ አልተገኘም። በእጁ የጻፋቸው ማስታወሻዎች ግን እ.ኤ.አ. በ1963 በፖሊስ ተይዘው በሪቮንያው ችሎት ማስረጃ ሆነው ቀረቡበት። እማማ ይህን ስነግራቸው ራሳቸውን ነቅንቀው መዝገቡን ወደ ራሳቸው ሳብ አደረጉት። ጽሑፍ ሰውን እንደሚያስይዝ ከእኔ ይልቅ እሳቸው ያውቃሉ።

ደመና የሆኑትን ገጾች ያወጣነው በእሳቸው ነው። ሁለቱን ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ አጠገባቸው ተቀምጠን ቁጥሩን እናነባለን፤ እሳቸው ጣታቸውን ባዶው ላይ አድርገው ያስባሉ። "ከሷ በኋላ የተጠመቀው ወንድሟ ነው... የልኳንዳው ልጅ... ቆይ፣ ስሙን አታስጥሉኝ።" ንጉሡ ኢዮአቄም የኤርምያስን ጥቅልል ቆራርጦ ባቃጠለው ጊዜ ባሮክ ከነቢዩ አፍ እንደገና ጽፎታል፤ ኤርምያስ 36 ላይ ታገኙታላችሁ። የእኛ ባሮክ በ45 የምትጽፈው የነርስ ተማሪዋ ነበረች። እማማ አንዳንዴ ስም ያገኙና ዝም ይላሉ፤ ያ ሰው ከእስር ያልተመለሰ ነው። ያኔ ብዕሩ ይጠብቃል።

ሠላሳ አንድ ስሞች ተመልሰዋል። ከቁጥር 83 እስከ 91 ያሉት ዘጠኝ መስመሮች በሁለቱም ቅጂ ባዶ ናቸው። በግምት አልሞላናቸውም። አያቶቻችሁ በ1960ዎቹ መጀመሪያ ኮልፌ፣ አጠና ተራ ወይም ልኳንዳ አካባቢ ይኖሩ ከነበሩና በዚያን ጊዜ ከተጠመቁ፣ ስማቸውንና ከማን ጋር እንደተጠመቁ ጠይቃችሁ ጻፉልን። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ሁልጊዜ በአጥቢያው ቤተ መጻሕፍት አለን። ቀለሙ ገና ግማሽ ብልቃጥ ይቀረዋል።